የክርስቲያን አነጋገር በቤትና በአደባባይ

ያገራችን ክርስቲያን የእግዚአብሔርን ስም ሳይጠራ የሚውልበት ቀን የለም። እንዴት አደሩ ቢሉት እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይመልሳል። ውሃ ቢያቀብሉት እግዜር ይስጥልኝ ይላል። የታመመ ሲጠይቅ እግዜር ይማርዎ፤ ሐዘንተኛ ሲያጽናና እግዜር ያጽናዎ፤ የተገላገለች ሴት ሊጠይቅ ሲገባ እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ የሞተ ሰው ስሙ ሲነሣ ነፍሱን ይማር ይላል። ቋንቋችንን ሊማር የመጣ የውጭ አገር ሰው ሰላምታውን ብቻ አጥንቶ ቢጨርስ ግማሽ የጸሎት መጽሐፍ አጥንቷል ማለት ነው። ይህ ኹሉ ያባቶቻችን ሀብት ነው፤ ለልጆቻችንም ስናወርሰው ደስ ይለናል።

ነገር ግን ቃል አፍን ከለመደ በኋላ ልብን ትቶ ብቻውን መሄድ ይችላል። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት የወደድነው ይህንኑ ነው። ይኸውም በቤተ ክርስቲያን ስለሚነበበው ቃል ሳይኾን በማጀት፥ በገበያ፥ በዳኛ ፊትና በመሥሪያ ቤት ስለሚነገረው ነው። ዳዊት በ140ኛው መዝሙሩ ለአፉ ጠባቂ እንዲቆምለት እግዚአብሔርን ለምኗል። በየትምህርት ቤቱ ዳዊት የደገምን ሰዎች ይህን ልመና በቃላችን እናውቀዋለን፤ ጠባቂው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደጃፉ ርቆ ይገኛል።

እግዜር ይስጥልኝ የሚለውን ቃል እንመልከት። ውለታ ለዋለ ሰው ሲነገር፥ እኔ ልከፍልህ አልችልምና ስለ እኔ እግዚአብሔር ይክፈልህ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ የምስጋና ቃል በሌላ ቋንቋ አላገኘንም። ይኸው ቃል መጨረሻው ጥቂት ተለውጦ እግዜር ይስጥህ ተብሎ ለነዳይ ሲነገር ግን ትርጓሜው የለም፥ ሂድ ማለት ነው። በደጅ የቆመው ስለ ማርያም ብሎ ይለምናል፤ ከውስጥ እግዜር ይስጥህ ይሉታል፤ እርሱም የቃሉን ትርጓሜ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ በትሩን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በኹለተኛው ምዕራፍ የታረዘውንና የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም ምንም ሳይሰጡ በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብቱትን ሰዎች ሲወቅስ የኛን ደጅ አይቶ የጻፈ ይመስላል። የሚሰጠው ያጣ ሰው ስለ ማጣቱ አይነቀፍም። ነውሩ መሶቡ ሞልቶ ሳለ እንቢታውን በአምላክ ስም መሸፈኑ ነው። ዛሬ አልሰጥም ማለት ስለሚያሳፍረው እፍረቱን እግዚአብሔር እንዲሸከምለት ያደርጋል።

ይህ ነገር ከቆላው ይልቅ በደጋው ይከብዳል። መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ከስሜን ተራሮች ጋራ የተያያዘና ከ4,500 ሜትር በላይ ከሚነሣው ከራስ ደጀን ብዙ የማይርቅ ስለ ኾነ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በዚህ አገር የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ሲጣራ፥ የባላገሩ ልማድ ቤት ለእንግዳ ብሎ ማስገባት ነው። ቤቱ ጠቦ ሰውና ከብት ባንድነት የሚያድሩበት ቢኾን እንኳ ከምድጃው አጠገብ ስፍራ ይለቀቅለታል። እዚያ የእግዜር እንግዳ የሚለው ቃል ጨዋታ አይደለም፤ ቃሉ ሐሰት የኾነ እንደ ኾነ ሰው በብርድ ይሞታልና። በከተማ በጡብ ቤት የምንኖር ሰዎች በቃሉ ከነርሱ እኩል እንጠቀማለን፤ በሥራው ግን ከነርሱ ጋራ መወዳደራችን ያጠራጥራል።

ወደ መሐላ እንለፍ። ጌታችን በተራራው ላይ ሲያስተምር ከመሐላ ፈጽሞ እንድንርቅና እሺታችንም እንቢታችንም ያለ ተጨማሪ የታመነ እንዲኾን አዝዞናል። እኛ ግን በበግ ገበያ እንኳ ይህን ትእዛዝ መጠበቅ አቅቶናል። ሻጩ ማርያምን፥ ከዚህ በታች አልሸጥም ይላል። ገዢው ሚካኤልን፥ ከዚህ በላይ አልጨምርም ይላል። ደላላው በመካከል ገብቶ ጊዮርጊስን፥ ኹለታችሁም ተጎድታችኋል ይላል። ባንድ በግ ዋጋ ላይ ሦስት ታቦት ተጠራ ማለት ነው። ከዚያም ዋጋው መሐል ለመሐል ተቈርጦ በጉ ይሸጣል። እንግዲህ ሻጩ ከማለበት በታች ሽጧል፤ ገዢውም ከማለበት በላይ ጨምሯል፤ ነገር ግን አንዳቸውም በሐሰት ማልሁ ብለው ለነፍስ አባታቸው ሲናዘዙ አልሰማንም። የገበያ መሐላ መሐላ አይደለም ይሉናል። መሐላ ካልኾነ የእመቤታችን ስም እዚያ ምን አገባው?

በዳኛ ፊት ቃል ሲሰጥ የሚጽፍ ሰው ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል። ወንጌሉን ሲነካ ድምፁ የሚለወጥ፥ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ለመናገር የሚጨነቅ ምስክር አለ፤ የዚያ ሰው ቃል አጭር ነው፥ ለመጻፍም አያደክምም። ወንጌሉን እንደ ገበያ ዘንቢል ጨብጦ፥ ያልተጠየቀውን ጨምሮ፥ በየመስመሩ በእግዚአብሔር ስም እያለ የሚናገርም አለ። በልምድ እንዳየነው መሐላው በበዛ መጠን መስቀለኛ ጥያቄው ሲመጣ ቃሉ ይላላል።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለው ቃል ክብደት ነበረው። በንጉሥ ስም የተማለበት ሰው ከዳኛ ሳይደርስ ወዴትም አይሄድም ነበር። በሕግ አምላክ የሚለውም ቃል ከዚሁ ወገን ነው። ዘበኛ በሌለበት በዱር መንገድ፥ ደካማ ሴት ወይም እረኛ ልጅ በሕግ አምላክ ቢል ዱላ ያነሣው ሰው እጁን መመለስ ነበረበት። ባለጋራዎች ኩታቸው ለኩታ ተቋጥሮ፥ ማንም ሳይነዳቸው፥ እርስ በርሳቸው ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ሲሄዱ አገራችንን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች አይተው ጽፈውታል። ቃሉ ያን ያህል የከበደው ሰው በከንቱ ስላልጠራው ነው። ዛሬ በሕግ አምላክን በቀልድ ስንሰማ፥ የሳቀው ሰው ስንት ወታደር የሚያወጣ ቃል እንደ ጣለ አያውቅም እንላለን።

በመሐላ የሚደፈረው የእግዚአብሔር ስም ነው፤ በስድብ ግን በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረው ሰው ይደፈራል። ያዕቆብ በሦስተኛው ምዕራፍ ኹለቱ ካንድ አፍ ሊወጡ እንደማይገባ ያስተምራል። እኛ ግን ከቅዳሴ ስንመለስ፥ የጸበሉ እርጥበት ከፊታችን ሳይደርቅ፥ በመንገድ ያገኘነውን ሰው በዘሩና በሥራው እንሰድበዋለን።

ለዚህ ነገር በመካነ ብርሃን አቅራቢያ ምስክር አለን፤ እርሱም የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ሐሳባቸውም በዚያ ለመንገሥ ነበር። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸውና በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እኒህ ንጉሥ አስቀድሞ የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ የነበረው ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ እንደ ዘመተ፥ ተሸንፎ በተማረከም ጊዜ ካሣ ኮሶውን ራሱን እንዳጠጡት ይነገራል። የስድቡ ሞኝነት ይግረማችሁ፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ መኰንን ኹሉ በየኹለት ወሩ ኮሶ ሳይጠጣ አይኖርም ነበር። በስውር መድኃኒቱን እየጠጡ በአደባባይ ሻጪዪቱን መናቅ ነበር። ቃሉ ግን ጦር አዘመተ፥ መኰንንም አዋረደ፤ የተሰደበውም ሰው በተሰደበበት ዘመን ማንም ባላሰበው ስፍራ ዘውድ ጫነ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን በሽታ ለማዳን በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ አወጁ። በዚያን ጊዜ የብረት ሠሪው ስም፥ የሸማኔው ስም፥ የአራሹና የነጋዴው ስም ሳይቀር ለስድብ ይውል ነበር። እኛ ጸሐፊዎችም ከስድቡ ድርሻችንን አላጣንም፤ ብዕርና ቀለም የያዘ ሰው ጠንቋይ ይባል ነበርና። (ጠንቋዮች ብንኾን ኖሮ የተከመረው መዝገብ ባለቀልን ነበር።) ንጉሡ ሰው ኹሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ አንድ ፍጥረት መኾኑን አስታውሰው፥ ሠራተኛን የሰደበ እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠር አስታወቁ፤ መቀጫውንም የአንድ ዓመት እስራት አደረጉት። ምክንያቱንም አልሸሸጉም፤ ስድቡ ሠራተኛውን ከሥራው ስለሚያሸሸው አገር ባለ እጅ ሳይኖራት ትቀራለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ ስድብን በተሰዳቢው አቤቱታ የሚያስቀጣ አድርጎታል። ሕግ ግን የሚደርሰው የተሰደበው ሰው አቤት ለማለት በቻለበት ስፍራ ብቻ ነው።

በጐንደርና በስሜን ግን ስድቡ ከሌላው አገር ይልቅ ጠልቆ ቈስሎ ነበር። ቤተ እስራኤል፥ እኛ ፈላሻ እያልን የጠራናቸው ሰዎች፥ የርስት መሬት ስለ ተነፈጉ ወንዶቹ ብረት በመቀጥቀጥና ሸማ በመሥራት፥ ሴቶቹ ሸክላ በመሥራት ይኖሩ ነበር። ባላገሩ ማረሻውንና ማጭዱን ከነርሱ ያሠራል፤ እንስራውንና ምጣዱን ከነርሱ ይገዛል፤ ማታ ልጁን ሆዱን ያመመው እንደ ኾነ ግን ቡዳ በላው ብሎ ወደዚያው መንደር ጣቱን ይቀስራል። ለመሥዋዕቱ የሚቀርበው ስንዴ የበቀለበት እርሻ የታረሰው ቡዳ የተባለው ሰው በቀጠቀጠው ማረሻ መኾኑን ቆም ብሎ ያሰበ ክርስቲያን ጥቂት ነበር። ያን ስንዴ ቅዱስ ያሰኘን እምነት ያን እጅ ርኩስ እንዴት አሰኘን?

በ1977 ዓ.ም. ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በሱዳን በኩል፥ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ የሚኾኑት ኹለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተሻገሩ። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የጥንት ተስፋ ነበራቸው፤ ጦርነቱና ረኀቡም አስጨንቋቸው ነበር። ቢኾንም ጎረቤት የሚወድ አነጋገር ያለው ጎረቤት ቢያገኙ ኖሮ ሲለዩን እንባው ከኹለቱም ወገን በኾነ ነበር ብለን እናስባለን። ከጐንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ መንደር ዛሬም ሸክላ ይሠራል፥ ለመንገደኛም ይሸጣል። አብዛኞቹ የመንደሩ ሰዎች ሄደዋል፤ ቡዳ የሚለው ቃል ግን አብሯቸው አልሄደም። ሌላ አንጥረኛ፥ ሌላ ድኻ፥ ሌላ ብቸኛ ባልቴት ፈልጎ ተቀምጦበታል።

ይህ ያልተማረ ሰው ልማድ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የጐንደር ሊቃውንት በጌታችን ልደትና ቅባት ነገር ሲከራከሩ አንዱ ሌላውን ካራ፥ አንዱም ሌላውን ቅባት፥ ጸጋ እያለ በስም እየለየ እንዴት እንደ ተነቃቀፈ ያስታውስ። ክርክሩ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው እስኪወስኑ ድረስ ብዙ ዘመን አገሩን ከፍሎት ኖሯል። ስለ ክርስቶስ ክብር የተነሣ ክርክር የክርስቶስን ትሕትና ያጣበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በባላገር ዘንድ ደግሞ ክፉ ቃል ወደ ደም ይደርሳል። የነፍስ ግድያ መዝገብ የሚያነብ ሰው የጠቡ መነሻ የእርሻ ድንበር ነበር የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ያገኛል። ቀስ ብሎ ሲያነብ ግን ስለ ድንበሩ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፤ ነገሩም ወደ ማለቁ ነበር፤ በሠርግ ወይም በጠላ ቤት በፉከራ መካከል ያመለጠ አንድ ቃል ነው ጠበንጃውን ያስነሣው። ከዚያ ወዲያ አልቃሽ በሙሾዋ ደም ያልመለሰውን ወንድም ትወጋዋለች፤ እርሱም ጥቃት ከሚባል ሞት ይሻላል ብሎ ወደ ዱር ይገባል። ካህናቱ መስቀል ይዘው፥ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው ደሙን ለማድረቅ ስንት ወራት እንደሚደክሙ ያየ ሰው፥ ያን አንድ ቃል አፍ ውስጥ ማስቀረት ምን ያህል ይቀል እንደ ነበረ ያስተውላል። ሰምና ወርቅ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ቅኔውም ክብራችን ነው። ነገር ግን ወርቁ ሰውን ለመግደል የተቀበረ ከኾነ ሰሙ ይቅርታ አያሰጠውም።

ስለ ቤት ጥቂት እንናገር። ወንዱን በ40 ቀን፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ስናስጠምቅ ገብረ ሥላሴ፥ ወልደ ማርያም፥ ወለተ ሐና የሚል የክርስትና ስም እናወጣለን። ያ ልጅ አድጎ እንስራ የሰበረ ዕለት ግን ምች ይምታህ፥ ይድፋህ ይባላል። እናቲቱ ይህን ስትል ሞቱን ወድዳ አይደለም፤ ራሱን ቢያመው ሌሊቱን ኹሉ ተቀምጣ የምታድር እርስዋ ናት። ልጁ ግን ይህን መለየት አይችልም፤ በማግስቱ ቃሉን ለታናሽ እኅቱ ሲደግመው ይገኛል። የቤት ሠራተኛም ነገር እንዲሁ ነው። በማዕድ ላይ አባታችን ሆይ ብሎ የባረከ የቤት ጌታ ወጡ ጨው ስለ በዛበት ሠራተኛዪቱን በእንስሳ ስም ቢጠራት፥ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት ልጆች የሚይዙት የኹለተኛውን ቃል ነው። አንቺ ከሚለው ይልቅ በስምዋ መጥራት ምንም ወጪ የለበትም።

በመጨረሻ በመሥሪያ ቤት ለምንቀመጥ ሰዎች የሚገባውን እንናገር፤ እዚህ ላይ ከሌላው ይልቅ ዕዳ አለብንና። ከጃናሞራ ገጠር የሚመጣ ባለ ጉዳይ ስንቁን በአቆማዳ ይዞ፥ ገደል ወጥቶ ገደል ወርዶ፥ አንዳንዱም ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ከጽሕፈት ቤታችን ይደርሳል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጌቶች እንዴት አደራችሁ ይላል፤ እኛም ራሳችንን ከወረቀቱ ሳናነሣ እግዚአብሔር ይመስገን እንለዋለን። ጉዳዩን ሲነግረን እሺ እንለዋለን። መቼ ልምጣ ሲል ነገ ና እንለዋለን። ነገ ስንል ማግስቱን እንዳልኾነ እኛ እናውቃለን፤ እርሱ ግን ስንል ስለ ሰማ በከተማው ያድራል። ዘመድ ከሌለው በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ይተኛል። በማግስቱም ሲመጣ ያንኑ ቃል እንደግምለታለን። በግ ገበያ ላይ ማርያምን ብሎ የሚምለውን ነጋዴ ስንታዘብ ውለን፥ እኛ ሳንምል የምንናገረው እሺና ነገ ከርሱ መሐላ ይልቅ ሰው እንደሚጎዳ አናስበውም። ነጋዴው ያስከፈለው ጥቂት ብር ነው፤ የኛ ነገ ግን የዘር ጊዜ ያሳልፋል።

ክፋት ኖሮብን አይደለም፤ አይኾንም ብሎ ሰውን ማሳዘን ያስፈራናል፥ አላውቅም ማለትም ያሳፍረናል። ስለዚህ እሺን እንደ ማስታገሻ እንሰጣለን። ነገር ግን ባላገሩ ማስታገሻ ሊቀበል ገደል አልወጣም። ሥራው የሚያልቅበትን ቀን ካወቅነው ቀኑን እንንገረው፤ ያላወቅነው እንደ ኾነም አላወቅነውም እንበለው። እንደ አባቶቻችን ልማድ አባቴ ብለን ወንበር ብንሰጠው የተሻለ ነው፤ ወንበር ባይኖር እንኳ ቃሉን በቁሙ እውነተኛ አድርገን እንስጠው። ጉዳዩ የማይኾን ከኾነ አይኾንም ተብሎ በጽሑፍ ይሰጠው። ያዝናል፤ ምናልባትም ከደጅ ወጥቶ ያማናል። ነገር ግን ወረቀቱን በኩታው ቋጥሮ በዚያው ቀን መንገድ ይገባል፤ ይግባኝ ማለት ቢፈልግም ቀኑ ሳያልፍበት ይደርሳል።